ብረት የሚቈርጠው ሽቦ ከምን ቢሠራ ይሻላል?

ጠንካራውን የሚቈርጠው ከእርሱ የባሰ ጠንካራ ነው የሚለው ሐሳብ ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮን ያደገ ነው። ገበሬው ማጭዱን በሞረድ ይስላል፤ አናጢው ሳንቃውን በብረት መጋዝ ይቈርጣል፤ ቶርኖ ቤት ጐራ ያለ ሰውም ብረት የሚላጨው ከራሱ በጠነከረ ሌላ ብረት መሆኑን በዐይኑ ያያል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ከክር የማይወፍር፣ በሁለት ጣት የሚታጠፍ የነሐስ ሽቦ፣ ውሃ የጠጣውን ጠንካራ ብረት እንደ ሳሙና ሰንጥቆት ያልፋል፤ ያውም ሳይነካው» ቢለን፣ ሰውዬው ያፌዝብናል እንጂ ቁም ነገር ይነግረናል ብለን አንገምትም። ነገሩ ግን እውነት ነው። በዓለም ላይ ባሉ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ዘንድ በየቀኑ የሚሠራ ተራ ሥራ ሆኗል።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለዚህ ጕዳይ ብዕር ስናነሣ የምሕንድስና ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። ፈገግ ይበሉ። የእነርሱ መጻሕፍት ቀመሩን ይደረድሩታል እንጂ ምክንያቱን በተራ አማርኛ የሚያወጋን አላገኘንም፤ ስለዚህ እያነበብንና እየጠየቅን የተረዳነውን ለመሰሎቻችን ለማካፈል ተነሣን። «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር በአቅራቢያው ያለውን አዲስ ሕንፃ ቀና ብሎ ይመልከት። የመስኮቱ የአሉሚኒየም ክፈፍ ቅርጹን ያገኘው ልክ እንደ ማካሮኒ ነው፤ ትኩስ አሉሚኒየም በጠንካራ ብረት ላይ በተቈረጠ ቀዳዳ ውስጥ በኀይል ተገፍቶ ሲወጣ የቀዳዳውን መልክ ይይዛል። የጀሪካኑ ክዳን፣ የእስክሪብቶው ቀፎ፣ የመብራት ማብሪያው ሽፋን፣ ሁሉም በስታምፖ የተቀረጹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳና ብዙውን የስታምፖ ክፍል ዛሬ የሚቈርጠው ይኸው ሽቦ ነው። ስለዚህ ክዳን የገዛ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ከሽቦው ዋጋ ጥቂት ይከፍላል።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። ሽቦው ከማጠንጠኛው እየተፈታ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከሚቈረጠው ብረት በላይና በታች ያሉ ሁለት መሪዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአልማዝ የተሠሩ፣ ቀጥ አድርገው ይይዙታል። ሽቦው ከአንዱ የኤሌክትሪክ ዋልታ ጋራ፣ ብረቱ ከሌላው ጋራ ይያያዛሉ። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት ውሃ ይፈስሳል። እንዲህ ያለው ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። ግፊቱ ሲበረታ ግን በአንዲት ነጥብ ላይ ይሸነፍና ብልጭታ ይዘላል። በዚያች ነጥብ ሙቀቱ ከ8,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል፤ ከብረቱ ኢምንት የምታህል ቁራሽ ቀልጣና ተንና ትወጣለች፤ ብልጭታው ይጠፋል፤ ውሃውም ፍርፋሪዋን አጥቦ ይወስዳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች ነው፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥም ብዙ ሺሕ ጊዜ ይደጋገማል። ሽቦው መጋዝ ሳይሆን የትንንሽ መብረቅ መውጫ ነው ብንል እንቀርባለን። የሚቈረጠውን ብረት ጥንካሬው አያድነውም፤ ኤሌክትሪክ አሳላፊ መሆኑ ብቻ ለመቈረጥ ይበቃዋል።

የኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረትን እንደሚበላ እንግሊዛዊው ጆዜፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1770 አስተውሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመቶ ሰባ ዓመት ያህል ነገሩ እንደ ጕዳት እንጂ እንደ ጥቅም አልተቈጠረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ላዛሬንኮ የተባሉ የሶቪየት ኅብረት ባልና ሚስት ሊቃውንት፣ ቦሪስና ናታልያ፣ በኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያ ንክኪዎች ላይ የሚደርሰውን መበላት እንዲያስቀሩ ታዘዙ። ንክኪዎቹን በዘይት ውስጥ ነክረው ሞከሩ። መበላቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ብልጭታው በዘይት ውስጥ ሥርዓት የያዘና አስቀድሞ የሚገመት ሆኖ አገኙት። በሽታውን መፈወስ ስላልተቻለ በሽታውን ሠራተኛ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ብረትን በብልጭታ የመቅረጽ ዘዴ ከእጃቸው ወጣ። ሽቦን መቍረጫ አድርገው የሚሠሩ መሣሪያዎች ለገበያ የቀረቡት ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳያችን እንግባ። ብልጭታ ወገን አይለይም። ብረቱን ሲበላ ሽቦውንም ይበላል። አንድ ቦታ ላይ የቆመ ሽቦ ቢሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተበልቶ በተበጠሰ ነበር፤ ስለዚህ ሽቦው ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ሁልጊዜ አዲሱ ክፍል ለብልጭታው ይቀርባል፤ ያለፈው ይጣላል። አንባቢ መጠኑን እንዲገምት ትንሽ ስሌት እንሥራ። በብዛት የሚሠራበት የነሐስ ሽቦ ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር ነው። በደቂቃ 10 ሜትር ቢወርድ በሰዓት 600 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ሲመዘን ሩብ ኪሎ ያህል ነሐስ ነው። መሣሪያው ሌሊትና ቀን ከሠራ በአንድ ቀን 6 ኪሎ ሽቦ ወደ ቅርጫት ይገባል ማለት ነው። እንግዲህ ሽቦው የሚበላበት መሣሪያ ነውና ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ፣ ምን ቢበላ ይሻላል የሚል ጥያቄ ይሆናል።

መጀመሪያ የተመረጠው መዳብ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በርካሽ ከሚገኙት ማዕድናት መካከል ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ የሚያሳልፍ የለም። ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያልፍበት ሽቦ በራሱ ውስጥ ብዙ አይግልም፤ ኀይሉም በመንገድ ሳይባክን ከብልጭታው ዘንድ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በሥራ ላይ ግን መዳብ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ለስላሳ የመዳብ ሽቦ በ0.25 ሚሊሜትር ውፍረቱ አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል ክብደት ቢንጠለጠልበት ይበጠሳል፤ ጠንካራው የነሐስ ሽቦ በዚያው ውፍረት 5 ኪሎ ያህል ይችላል።

የመሸከም ነገር ለምን አስፈለገ? ሽቦው ምንም አይነካ፣ ምንም አይጐትት አላልንምን? ክራር የሚመታ ሰው ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ያልተወጠረ ጅማት ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሲወጠር ብቻ ነው። በሽቦው ዙሪያ ያሉት ብልጭታዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ይገፉታል፤ የሚፈስሰው ውሃም ይገፋዋል፤ ሽቦው በመካከሉ እንደ ቀስት ይጐብጣል። ሽቦ ከጐበጠ የቈረጠው የብረት ፊት ቀጥ ያለ አይሆንም፤ ማእዘን ላይ ሲዞርም ሹሉን ይቀጫል። ጠንካራ ሽቦ ብዙ ውጥረት ስለሚችል ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ያለ ሽቦም ትክክለኛ ቅርጽ ያወጣል። የመዳብ ሽቦ ጥቂት ሲወጠርና ትንሽ ሲግል ይበጠሳል። ሽቦ በተበጠሰ ቍጥር ደግሞ ሥራው ይቆማል፤ ሽቦው እንደገና ይሾልካል፤ ሠራተኛው ከሌለ እስኪነጋ ድረስ መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ይቆያል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመዳብን ቦታ ነሐስ ያዘው፤ ይኸውም የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የነሐስ ሽቦ ኤሌክትሪክን የማሳለፍ ችሎታው ከንጹሕ መዳብ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ያየው ሰው «ይህማ ወደ ኋላ መሄድ ነው» ይላል። መሣሪያው ዘንድ ሲደርስ ግን ነሐስ ከመዳብ ፈጥኖ ቈረጠ። ጥንካሬው አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ዚንክ ነው።

ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይተንናል። መዳብ ገና ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ብልጭታው በሽቦው ላይ ሲያርፍ አረቄ ሲወጣ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ እንደሚተን ሁሉ፣ ዚንኩ መዳቡን ቀድሞ ተንኖ ይወጣል። በዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛው እናቶቻችን በእንስራ የሚያውቁት ነው። የሸክላ እንስራ ውሃ በጠራራ ፀሐይም ቀዝቀዝ ብሎ የሚገኘው በገላው ላይ የሚወጣው ላብ እየተነነ ሙቀቱን ይዞለት ስለሚሄድ ነው። ዚንኩም እንዲሁ ሲተንን የሽቦውን ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ የሽቦው መካከል ሳይግል ይቀርና መሸከሙን ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ በድንገት የተወለደው የዚንክ ተን ሲፈነዳ የቀለጠውን የብረት ፍርፋሪ እየገፋ ያስወጣል። ፍርፋሪው ካልወጣ የሚቀጥለው ብልጭታ አዲስ ብረት መብላቱን ትቶ በፍርፋሪው በኩል ይዘላል፤ ኀይሉ በከንቱ ያልቃል፤ ብልጭታዎቹ በአንድ ቦታ ተከማችተው ሽቦውን ይበጥሱታል። መሐንዲሶች መሣሪያውን ይበልጥ አናፍጥነው ሲሉ በብዙው የሚያግዳቸው የፍርፋሪው መውጣት አለመውጣት ነው ሲሉ ሰምተናል። ዚንክ እዚህ ጠራጊ ሆኖ ያገለግላል።

እንግዲህ ዚንክ ይህን ያህል ከረዳ ዚንኩን ማብዛት ነዋ! ብሎ የሚያስብ ትክክል ያስባል፤ ፋብሪካዎቹም አስበውታል። ግን የሽቦ አሠራር ራሱ ወሰን አበጀ። ሽቦ የሚሠራው ወፍራሙን ዘንግ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ ደጋግሞ በመጐተት ነው። ቅይጡ ውስጥ ያለው ዚንክ ከመቶ ወደ 40 ሲጠጋ የነሐሱ የውስጥ ጠባይ ይለወጣል፤ ይደርቃል፤ ሲጐተት መቅጠኑን ትቶ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተራው የነሐስ ሽቦ ከመቶ 63 መዳብ፣ 37 ዚንክ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ አጥር መውጫው ልባስ ሆነ። በጣራችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ብረት ሆኖ ሳለ ዝገት የማይደፍረው ከላዩ ዚንክ ስለ ለበሰ እንደ ሆነ እናውቃለን። ሽቦ ሠሪዎቹም የነሐሱን ሽቦ ከላይ በዚንክ አለበሱት። ውስጡ ይሸከማል፤ ላዩ ይተንናል። ብልጭታው የሚያገኘው ላዩን ብቻ ስለ ሆነ ዚንኩ የሚያስፈልገው ላዩ ላይ ነው፤ ልቡ ውስጥ ያለው ዚንክ ሥራ ሳይሠራ ተጥሎ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ቀላል ሐሳብ ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

ንጹሕ ዚንክም የራሱ ጣጣ አለው። ለስላሳ ነው፤ በመሪዎቹ ሲያልፍ ይፋቃል፤ የተፋቀው ብናኝ መሪዎቹን ይደፍናል። ከዚያም በላይ ፈጥኖ ስለሚተንን የበረታ ብልጭታ ሲመጣ ልባሱ ገና ሥራው ሳያልቅ ያልቃል። ይህን ለማረም የለበሰውን ሽቦ በምድጃ ውስጥ አግለው አቆዩት፤ በሙቀቱ የላዩ ዚንክና የሥሩ መዳብ እርስ በርሳቸው ይሰራረጫሉ። እንደ ሙቀቱና እንደ ቆይታው መጠን ላዩ ግማሽ ያህል ዚንክ ያለበት ወይም ከመቶ 65 ያህል ዚንክ ያለበት ቅይጥ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቅይጥ ከንጹሕ ዚንክ ይበልጥ ሙቀት ይችላል፤ ስለዚህ ብልጭታው ላዩ ላይ ዚንክ ሳያጣ ለረጅም ጊዜ ይሠራል። ሁለተኛው ቅይጥ ደረቅና ተሰባሪ ነው፤ ሽቦው እንደገና ሲጐተት ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ሽቦው በሙሉ ከዚህ ቢሠራ ኖሮ ስንጥቁ ያጠፋው ነበር፤ ሥሩ ያለው ልብ ጤነኛ ስለ ሆነ ግን ጕዳት የለውም። ሌሎች ደግሞ ልቡን ወደ መዳብ መልሰው፣ ላዩን ብቻ ዚንክ የበዛበት ነሐስ አደረጉት፤ በዚህ ኤሌክትሪክ በልቡ በደንብ ያልፋል፣ ዚንኩም በላዩ ይተንናል። በስንብት የሄደው መዳብ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ሁልጊዜ ጠንካራው ይሻላል የሚል ቢኖር ቸኩሏል። ሽቦው አንዳንድ ጊዜ ወደ ጐን ዘንበል ብሎ እንዲቈርጥ ይፈለጋል፤ ስታምፖው የተቀረጸውን ዕቃ በቀላሉ እንዲለቅ ግድግዳው ጥቂት ሰፋ ማለት አለበትና። ያን ጊዜ ሽቦው በመሪዎቹ አፍ ላይ መታጠፍ አለበት። ጠንካራው ሽቦ አይታጠፍም፤ እንደ ቀስት ይለጠጥና ከታሰበው መሥመር ይወጣል። ለዚህ ሥራ ሆን ተብሎ የለሰለሰ፣ የጠንካራውን ግማሽ ያህል የሚሸከም ነሐስ ይመረጣል።

አሁን ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መንገድ የያዙትን እንይ። ቻይናውያን መሐንዲሶች ያዳበሩት መሣሪያ ሽቦውን አይጥልም። ሽቦው ሞሊብዴነም ከተባለው ማዕድን ይሠራል፤ ይህም የሚቀልጠው በ2,600 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጥንካሬው ከጠንካራው ነሐስ እጥፍ ያህል ነው። በ0.18 ሚሊሜትር ውፍረቱ የሚሸከመው፣ የ0.25 ሚሊሜትሩ ነሐስ የሚሸከመውን ያህል ነው። ሽቦው በከበሮ ላይ ተጠቅልሎ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ሲያልቅ አቅጣጫውን ለውጦ ይመለሳል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ብዙ ሰዓት ይሠራል። ነሐሱ የሚመረጠው በደንብ ስለሚበላ ሲሆን ሞሊብዴነም የሚመረጠው መበላትን ስለሚጠላ ነው። ኪሎው ከነሐስ እጅግ ይወደዳል፤ ሆኖም አንዱ ጥቅል ደጋግሞ ስለሚያገለግል የሽቦው ወጪ ትንሽ ነው፤ መሣሪያውም ርካሽ ነው። ዕዳው በሌላ በኩል ይመጣል። ሽቦው እየሠራ ይቀጥናል፤ ጧት 0.18 የነበረው እያደር ያንሳል፤ ጧት የተቈረጠውና ማታ የተቈረጠው ቀዳዳ እኩል አይሆኑም። አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥርም በተቈረጠው ፊት ላይ መሥመር ይተዋል። የበር ማጠፊያ ለሚሠራ ይህ ምንም አይደለም፤ የእጅ ሰዓት ጥርስ ለሚሠራ ግን አይሆንም።

ተንግስተን የሚባለው ደግሞ የአምፑሉ ውስጥ ክር የሚሠራበት፣ ከማዕድናት ሁሉ ዘግይቶ፣ በ3,422 ዲግሪ የሚቀልጠው ነው። ዋጋው ውድ ነው። ሽቦው ከፀጕር ቀጥኖ 0.03 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ግን ነሐስ ራሱን መሸከም ስለማይችል ቦታው ለተንግስተን ይለቀቃል።

ስለ ዋጋ ካነሣን አይቀር፣ ልባስ ያለው ሽቦ ከተራው ነሐስ ስለሚወደድ «ርካሹን ግዛ» የሚሉና «ፈጣኑን ግዛ» የሚሉ ወገኖች በየወርክሾፑ አሉ ይባላል። የኢኮኖሚክስ ጓደኞቻችን እንዲመዝኑልን ለስሌት ብቻ የተወሰደ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ሥራ በተራ ነሐስ 10 ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ ሽቦው በሰዓት 200 ብር፣ የመሣሪያውና የሠራተኛው ሰዓት 1,000 ብር ይሁን። ጠቅላላው 12,000 ብር ነው። ልባስ ያለው ሽቦ በሰዓት 300 ብር ሆኖ በአንድ አምስተኛ ቢፈጥን ሥራው 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወጪው ወደ 10,830 ብር ይወርዳል። ውዱ ሽቦ ረከሰ ማለት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ሥራ አጥቶ የሚውል፣ ሰዓቱም 200 ብር ብቻ የሚያወጣ ቢሆን፣ በተራው ሽቦ 4,000 ብር፣ በልባሱ 4,170 ብር ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ርካሹን የገዛው ልክ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ወገኖች ማን እንደሚረታ ሽቦውን በማየት ብቻ አይታወቅም፤ በር ላይ የተሰለፈውን ሥራ መቍጠር ያስፈልጋል። ሽቦ ሻጮች ሁለተኛውን ስሌት ሲያሳዩ አላየንም።

ፍጥነቱን ብቻ የሚያወድስ ሰው አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። ብልጭታው ከብረቱ ላይ ያቀለጠው ሁሉ አይታጠብም፤ ጥቂቱ እዚያው ላይ ተመልሶ ይረጋል። በዚህ የተነሣ በተቈረጠው ፊት ላይ እጅግ ስስ የሆነ፣ ከሥሩ ካለው ብረት ጠባዩ የተለየ ቅርፊት ይቀራል። ቅርፊቱ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ስንጥቆች ይኖራሉ፤ ከሽቦው የተነነው መዳብና ዚንክም ተቀላቅሎበት ይገኛል። ለክዳን ስታምፖ ይህ ብዙ አያሳስብም። ለአውሮፕላን ሞተር ክፍል ግን እንዲህ ያለችው ስንጥቅ ሚሊዮን ጊዜ በሚመላለስ ጭነት እየሰፋች ትሄዳለች፤ በሰው አጥንት ውስጥ ለሚገባ የታይታኒየም ብሎን ደግሞ መዳብ ለሥጋ ባዕድ ነው። ስለዚህ በእንደዚህ ያለው ሥራ ላይ መጀመሪያ በበረታ ብልጭታ ይቈረጣል፤ ከዚያ በኋላ እየቀለለ በሚሄድ ብልጭታ ሁለት ሦስት ጊዜ ፊቱ ይጠረጋል፤ ያም አልበቃ ሲል ቅርፊቱ በአሲድ ወይም በማለስለስ ይነሣል፤ አንዳንዱም ገና ሲጀምር መዳብና ዚንክ የሌለበትን የሞሊብዴነም ሽቦ ይመርጣል። ይህን ሁሉ ያላደረገ ሰው በሽቦው ፍጥነት ያተረፈውን ሰዓት ከበሽተኛው አጥንት ላይ ይወስዳል።

ሥራውን የጨረሰው የነሐስ ሽቦስ የት ይሄዳል? መሣሪያው ከኋላው ቈራርጦ ወደ ቅርጫት ይጥለዋል፤ አለዚያም ተጠቅልሎ ይሰበሰባል። በማጕሊያ መነጽር ቢያዩት በብልጭታው በኩል የነበረው ጐኑ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበሳስቶ፣ ዚንኩን አጥቶ ወደ መዳብ ቀይነት አዘንብሎ ይገኛል፤ በሌላው ጐኑ ግን ገና ቢጫ ነው። ከዚያ በኪሎ ተመዝኖ ለውራጅ ብረት ነጋዴ ይሸጣል፤ በልባስ የተወደደውም ሽቦ ከዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያወጣው የተራ ነሐስ ዋጋ ነው።